ኦቲዝም ያለበትን ልጅ መኪና መንዳት ማስተማር፦ ከሚንቀሳቀሰው ነገር ጀምሩ

ኦቲዝም ያለበት ልጅ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ናቸው። መኪና የሌለው ሰው ለሥራም፣ ለትምህርትም፣ ለቤተ ክርስቲያንም የሰው ፊት የሚያይበት አገር ስለሆነ ጥያቄው አይገርመኝም። አጭሩ መልስ፣ ብዙዎቹ ይችላሉ የሚል ነው።

የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች የኒው ጀርሲን የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ከሕክምና መዝገብ ጋር አገናኝተው በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጥናት አሳተሙ። ኦቲዝም ካላቸውና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከሌለባቸው ወጣቶች መካከል ሲሶ ያህሉ ፈቃድ አውጥተዋል። ከሌሎቹ ወጣቶች ደግሞ 83 በመቶው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግን ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ካወጡት ውስጥ ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት በ2 ዓመት ጊዜ ፈቃዱን ይዘዋል። አብዛኛው የሚቀረው ገና ሳይሞክር ነው ማለት ነው።

ያው ቡድን በ2021 ያወጣው ውጤት ለእኔ የበለጠ ይጠቅማል። ፈቃድ ያወጡት ወጣቶች በአደጋ ብዛት ከሌሎች ጀማሪዎች አይብሱም። በፍጥነት የተነሣ የሚደርስባቸው አደጋ እንዲያውም በግማሽ ያነሰ ነው። የሚበዛባቸው ወደ ግራ ሲታጠፉ ወይም ዩ-ተርን ሲያደርጉ፣ እንዲሁም ለሌላ መኪና ወይም ለእግረኛ ቅድሚያ ሳይሰጡ ሲቀሩ የሚደርሰው ነው።

ሕግ ያከብራሉ፣ አይከንፉም። እኔ እንደሚገባኝ የሚያስቸግራቸው እየተንቀሳቀሰ የሚመጣን ነገር በቶሎ መገመት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከመሪና ከፍሬን አትጀምሩት።

1. ዓይኑ ምን እንደሚያይ እወቁ

የእይታ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ፈተና አለ። ስክሪን ላይ ብዙ ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ። ከመካከላቸው የተወሰኑት ብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ጥያቄው በጥቅሉ ወዴት እየሄዱ ነው የሚል ነው። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ መልሱን ለማወቅ አብረው የሚሄዱት ነጠብጣቦች በዛ እንዲሉላቸው ይፈልጋሉ። ሁሉም ጥናት በዚህ አይስማማም። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ሌላውን ጎን አሳየ፤ ጥርት ብሎ የሚታይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች አቅጣጫውን ከእኩዮቻቸው ፈጥነው ለዩት።

ስለዚህ ዓይኑ ደካማ ነው አትበሉ። አንድ ነገር ለብቻው ሲሆን አሳምሮ ሊያይ ይችላል። ብዙ ነገር በአንድ ላይ ሲንቀሳቀስ ግን ከዚያ ትርምስ ውስጥ ዋናውን ለመልቀም ጊዜ ይፈልጋል። ይህም ከልጅ ልጅ ይለያያል።

የእህቴ ልጅ ከሩቅ የሚመጣን መኪና አይቶ ማርካውንና ሞዴሉን ይነግራችኋል። አንዴ የአንዱን ቶዮታ የፊት ግራ ጎማ ሽፋን መውለቁን ነገረኝ፤ እኔ መኪናውን ራሱ በቅጡ አላየሁትም ነበር። "እየፈጠነ ነው እየቀነሰ?" ስለው ግን ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ "ጋሼ፣ አልፏል እኮ" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ለማንም ከባድ ነው። መቶ ሜትር ላይ ያለ መኪና ወደ እኛ ሲመጣ ዓይናችን ላይ የሚያድገው እጅግ በትንሹ ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር የሚያድግበት ፍጥነት 4 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው የቆመ የመሰለን መኪና ድንገት አጠገባችን የሚገኘው። የቆየ ሹፌር ጉድለቱን በልምድ ይሞላዋል። ለጀማሪው ልምድ እስኪመጣ ሌላ መላ እንሰጠዋለን።

2. ሐኪምና ባለሙያ

ዓይኑን አስመርምሩ። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መንዳት ሊጀምር መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩት። ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ) ከኦቲዝም ጋር አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ካለበት ለመንዳት ከኦቲዝሙ የበለጠ ሊያስቸግር ስለሚችል ችላ አትበሉት። የሚጥል በሽታ ካለበት ግዛቱ የራሱ ደንብ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ውስጥ የአካልም ሆነ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ያለባቸውን አሽከርካሪዎች የሚመዝኑና የሚያሠለጥኑ ምስክር ወረቀት ያላቸው ባለሙያዎች አሉ። አብዛኞቹ ከኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ ከሚያግዘው ሙያ የመጡ ናቸው። ዋጋቸው ረከስ ያለ አይደለም። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ልጁ መንዳት የሚፈልገው ለሥራ ከሆነ የስቴቱ የተሐድሶ አገልግሎት ቢሮ፣ ዳርስ የሚሉት፣ ያግዝ እንደሆነ ጠይቁ። ገና ሃይስኩል ከሆነ ደግሞ በአይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣው ዕቅድ) ስብሰባው ላይ መንዳት እንደ አንድ ግብ እንዲጻፍለት ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ የሚያስታውስላችሁ ብዙም አይገኝም።

3. ትምህርቱ ጋቢና ላይ ይጀመር

ፐርሚት ሳያወጣ፣ ገና በ14 ዓመቱም ቢሆን ይህን መጀመር ትችላላችሁ። እናንተ ትነዳላችሁ፤ እሱ ጋቢና ተቀምጦ ያየውን ይናገራል። ስልክ የለም፣ ሬዲዮ የለም። ለመጀመር 10 ደቂቃ ይበቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ይጥራ። "ቀይ መኪና፣ ወደ እኛ። ብስክሌት፣ በቀኝ በኩል። ሴትዮ ከውሻ ጋር።" የቆመውን ሁሉ ይተወው፤ የሱቅ ማስታወቂያም፣ የመኪና ታርጋም አይቆጠር። ይህ ለእህቴ ልጅ ከባዱ ክፍል ነበር፤ ታርጋ ማንበብ ይወዳል።

ቀጥሎ ጥያቄው "ወዴት ሊሄድ ነው?" ይሁን። ከቆመ መኪና ሥር ጭስ ከታየ፣ የፊት ጎማው ወደ መንገዱ ከዞረ፣ ውስጡ ሰው ካለ፣ ሊወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ምልክት እኛ ሳናውቀው እናነባለን፤ ለእሱ ግን በቃል ንገሩት። አንዴ ከተነገረው አይረሳውም።

ሰው ላይ ግን በተለይ ቆዩ። በ2010 በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ተመራማሪዎች የመንገድ ቪዲዮ አሳይተው ባደረጉት ጥናት ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶች ሳያስተውሉ ያለፏቸው አደጋዎች በብዛት ሰው የሚታይባቸው ነበሩ። መኪና የሆነውን አደጋ ግን ከሌሎች ባልተናነሰ ለዩ። እግረኛ በእግሩ ብቻ አይገመትም። ትከሻው ወዴት ዞረ? ስልኩ ላይ ነው? ልጅ ይዟል? አውቶቡሱን ሊያመልጠው ነው? እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁት።

እንግሊዝ አገር የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና አካል የሆነ የአደጋ መለየት ፈተና አለ። 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ይታያሉ፣ ከ75 ነጥብ 44 ያመጣ ያልፋል። የልምምድ ቪዲዮዎቹ ዩቲዩብ ላይ ስለሚገኙ የትም ያላችሁ ተጠቀሙባቸው። እነሱ በግራ በኩል እንደሚነዱ ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ ሙሉውን ሰዓት የሚያወራው ስለዚያ ይሆናል።

አዲስ አበባ ያላችሁም ይህን ልምምድ በሚኒባስ ጋቢና ላይ መሥራት ትችላላችሁ። ቁሱ በሽ በሽ ነው።

4. ፍጥነትን መገመት ተዉት፤ ሰከንድ ቁጠሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

መብራት ላይ ቀስት ሳይኖር ወደ ግራ ለመታጠፍ ከፊት የሚመጣው መኪና ስንት ሰከንድ እንደቀረው ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የመንገድ መሐንዲሶች ለአንድ ተራ መኪና የሚይዙት 5.5 ሰከንድ ነው። እኔ ለጀማሪ 8 እላለሁ። በሰዓት 35 ማይል የሚመጣ መኪና በሰከንድ ወደ 16 ሜትር ይሄዳል፤ በ8 ሰከንድ 125 ሜትር። በ45 ማይል ከሆነ ያው 8 ሰከንድ 160 ሜትር ነው። ይህን ሁሉ በዓይን መገመት ከባድ ነው። መቁጠር ግን ማንም ይችላል፤ ደንብ ለሚወድ ልጅ ደግሞ ይመቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቤታችሁ አጠገብ ያለ፣ ብዙ ጊዜ የምትታጠፉበትን መስቀለኛ መንገድ ምረጡ። በእግር ሂዱ። እግረኛ መንገድ ላይ ቁሙና መኪና ወደሚመጣበት ተመልከቱ። የማይንቀሳቀሱ ምልክቶችን ለዩ፤ የመብራት ምሰሶ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ የነዳጅ ማደያው ሰሌዳ። አንድ መኪና ምሰሶውን ሲያልፍ "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" እያላችሁ እናንተ ፊት እስኪደርስ ቁጠሩ። 5 ከሆነ ምሰሶው ቅርብ ነው፤ ወደ ኋላ ሌላ ፈልጉ። ፈጣኖቹ መኪኖች ሳይቀሩ 8 የሚሞሉበትን ምልክት እስክታገኙ ቀጥሉ። ከዚያ ደንቡን ስጡት፦ "መኪናው ማደያውን ካለፈ፣ አትገባም። ገና ከማደያው ወዲያ ከሆነና ዜብራው ላይ ሰው ከሌለ፣ ትታጠፋለህ።"

እህቴ ከነቡናዋ መጥታ አጠገባችን ስትቆም አላፊ አግዳሚው ምን እየቆጠርን እንደሆነ ግራ ገብቶት ያየን ነበር። ልጁ ግን ደስ ብሎታል። ቤት ገብቶ የሰፈሩን ምሰሶዎች በሠንጠረዥ አስቀመጣቸው።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛ፣ የሚከንፍ መኪና ደንቡን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ከገባው መልሱ ሁልጊዜ መቆም ነው። ሁለተኛ፣ ውሳኔው ከዘገየ ክፍተቱ የለም። መጀመሪያ ላይ የነበረው 8 ሰከንድ እሱ ሲያስብ 5 ሆኗል። ስለዚህ "ወዲያው ካልገባህ፣ ቀጣዩን ጠብቅ" በሉት። ከኋላ ያለው ሰው ጥሩምባ ቢነፋ ትእዛዝ አይደለም። ይህን ደጋግማችሁ ንገሩት፤ ጥሩምባ የሚያስደነግጠው ልጅ ለመገላገል ብሎ ዘሎ ሊገባ ይችላል።

ለመታጠፍ ሲጠብቅ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይጠብቅ። አስቀድሞ ወደ ግራ ካዞረውና ከኋላ ከተገጨ ወደሚመጣው መኪና ነው የሚገፋው።

5. መሪና ፍሬን፣ ለብቻቸው

መኪናውን መቆጣጠርና ትራፊክን ማንበብ አንድ ላይ ከመጡ ጭንቅላት ይሞላል። ስለዚህ እጅና እግር ሳያስቡት የሚሠሩበት ደረጃ እስኪደርሱ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ቆዩ። የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰሯና ኦቲዝም ያለባት ቴምፕል ግራንዲን መንዳት የተማረችው በአሪዞና በአክስቷ እርሻ ነው፤ ጭር ባለ የገጠር መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ ከነዳች በኋላ ነው ወደ ትራፊክ የገባችው። የእሷ ምክርም ይኸው ነው። እኛ እርሻ የለንም፤ የተዘጋ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ እሑድ ጠዋት አለ።

እዚያ ስትሠሩ ቃላችሁን አጥሩ፣ አትቀያይሩትም። ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፦ "ቁም" ማለት ፍሬን ሙሉ በሙሉ። "ቀንስ" ማለት እግርህን ከነዳጁ አንሣ። "ቀኝ ያዝ" ማለት ፍሬቻ አብርተህ ዳር ቁም። አዲስ አበባ የነዳን ሰዎች "ግባ፣ ግባ፣ ኧረ ግባ!" የሚል አመል አለብን። አደባባዩን የምናልፈው በዓይን እየተጠቃቀስን፣ በእጅ ምልክትና በጥሩምባ እየተደራደርን ነው። ያንን ልማድ ይዛችሁ ከዚህ ልጅ አጠገብ ጋቢና ብትቀመጡ ይጎዳችኋል። የሰውን ዓይን አይቶ "አለፈልኝ" ማለት ለእሱ ከሁሉም የከበደው ነው።

ከኋላ ወንበር ላይ "በስመ አብ!" የሚል ሰው አይቀመጥ። የእናት ፍቅር ቢሆንም ቤት ይቆይ።

6. መንገዱን በደረጃ ክፈሉት

መጀመሪያ የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብቻ። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ ብሎ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ቀጥሎ ባለ መብራት መንገድ፣ አረንጓዴ ቀስት ባለበት ብቻ ወደ ግራ። ከዚያ ባለ ሁለት ረድፍ መንገድና ረድፍ መቀየር። ቀስት የሌለው ግራ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ እሱም ሰከንዱ በተቆጠረበት መስቀለኛ ላይ። ሃይዌይ ከዚያ ይቀላል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ብዙዎቹ እንዲያውም ይወዱታል። መግቢያው ላይ ግን ሥሩበት።

ፈቃድ ካወጣም በኋላ ከባድ ግራዎችን የሚዘል መንገድ መምረጥ ነውር የለውም። የዕቃ አድራሹ ድርጅት ዩፒኤስ ራሱ የማመላለሻ መኪኖቹ ወደ ግራ መታጠፍን እንዲቀንሱ አድርጎ ነው መንገዳቸውን የሚያወጣው።

ቨርጂኒያ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተማሪ 45 ሰዓት ልምምድ ትጠይቃለች፣ ከዚያ 15ቱ ከፀሐይ ግባት በኋላ። ፐርሚቱን ቢያንስ 9 ወር ይይዛል። ሜሪላንድ 60 ሰዓት ትላለች፣ 10ሩ በማታ። እነዚህ ዝቅተኛው ናቸው። እኔ እጥፍ አድርጉት ባይ ነኝ። የኒው ጀርሲው ጥናት እንዳሳየው ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶች ፈቃድ የሚያወጡት ከሌሎቹ 9 ወር ገደማ ዘግይተው ነው። የጎረቤት ልጅ ቀደመው ብላችሁ አትቸኩሉ።

7. ብርሃን፣ ዝናብ፣ ጭጋግ

ዛፍ መካከል የምታጭበረብር ፀሐይ፣ የዝናብ መጥረጊያው ምልልስ፣ ከፊት የሚመጣ መብራት። አንዱ ብቻ እንኳ ቀልብ ሊሰርቅ ይችላል። መስታወቱ ከውስጥም ይጽዳ፣ የፀሐይ መነጽር መኪናው ውስጥ ይኑር፣ ሬዲዮው ይዘጋ። ጭጋግ ሲሆን ወይም ነገሮች ደብዘዝ ሲሉ የሰው ዓይን ፍጥነትን በትክክል ላይገምት ይችላል። ስለዚህ በጭጋግ ስሜቱን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን ይመን።

8. ያልታሰበው ሲመጣ

የተዘጋ መንገድ፣ አምቡላንስ፣ ጂፒኤሱ ሲሳሳት። እነዚህን አውቃችሁ ፍጠሯቸው። ፀጥ ባለ መንገድ ላይ "ይህ መንገድ ተዘግቷል እንበል፣ ምን ታደርጋለህ?" በሉት። መልሱ አንድ ነው፦ በቀኝ በኩል ደኅና ቦታ ሲያገኝ ይቁም፣ ከዚያ ያስብ። ጭንቅላቱ ሲሞላበትም ያው ነው። ቆሞ 15 ደቂቃ መቀመጥ መብቱ መሆኑን ይወቅ፤ ስትደውሉለት አትቆጡት።

9. ፖሊስ ቢያስቆመው

ይህን የምጽፈው ለጥቁር ልጆች ወላጆች ነው፤ ማስጌጥ አያስፈልገውም። ዓይን አለማየት፣ ዘግይቶ መመለስ፣ እጅን ማወዛወዝ፣ ድንገት ኪስ መግባት፣ እነዚህ ለማያውቅ ፖሊስ ሌላ ነገር ሊመስሉት ይችላሉ። ቨርጂኒያ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራ ጄፒስ ሎ የተባለ ሕግ አላት፤ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ኦቲዝም እንዳለበት በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዲታይ ማድረግ ይችላል። ኮኔቲከት በ2020 ሰማያዊ ፖስታ የሚባል ነገር ጀመረች። ሰነዶቹ በውስጡ ይቀመጣሉ፣ ላዩ ላይ ለፖሊሱም ለሹፌሩም መመሪያ ተጽፎበታል። ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋታል፤ የእናንተ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ) እንዳለው ጠይቁ።

ማታ ላይ ቤታችሁ ደጅ ተለማመዱት። ልጁ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ አንዳችሁ በባትሪ ፊቱ ላይ እያበራችሁ ቅረቡ። ሞተር ማጥፋት፣ የውስጥ መብራት ማብራት፣ ሁለት እጅ መሪው ላይ። መጀመሪያ የሚናገረው በእንግሊዝኛ "ኦቲዝም አለብኝ፣ ለመመለስ ጊዜ ያስፈልገኛል" የሚለውን ነው። ወረቀት ከማውጣቱ በፊት "ላውጣ?" ብሎ ይጠይቅ። የፖሊሱን ሚና ልጁ የማይቀርበው ሰው ቢጫወተው ይሻላል፤ አጎት ሲሆን ይስቃል።

10. ገና ከሆነ

ብዙ ከተለማመዳችሁም በኋላ በሚታወቅ መንገድ ላይ መሪውን ወይም ፍሬኑን ከእሱ ለመንጠቅ የምትገደዱ ከሆነ ተዉት፣ ከ6 ወር ወይም ከዓመት በኋላ ሞክሩ። በዚህ መሃል ባቡርና አውቶቡስ ለብቻው መጠቀምን ይማር፤ ሰከንድ መቁጠሩና ሰው መመልከቱ እዚያም ይቀጥላል። ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥናቶች በመንዳት ሲሙሌተር መለማመድ ኦቲዝም ያላቸውን ወጣቶች እንደሚያሻሽል ስላሳዩ፣ አቅራቢያችሁ ካለ እሱም አማራጭ ነው። የማይሆንላቸውም አሉ። እሱም ቢሆን ጣጣ የለውም።

ፈቃዱን ካገኘ ቨርጂኒያ ከ18 በታች ለሆነ ሹፌር ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት መንዳት ትከለክላለች፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ21 በታች የሆነ ተሳፋሪም ከአንድ በላይ አትፈቅድም። እናንተ ለጥቂት ወራት ተሳፋሪውን ዜሮ አድርጉት። የመጀመሪያዎቹ መንገዶች ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ፤ ቤት፣ ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን። አዲስ ቦታ መሄድ ሲያስፈልገው ከቀኑ በፊት እሑድ ጠዋት አብራችሁት ሂዱና የመታጠፊያዎቹን ሰከንድ ቁጠሩለት።